ያላነበብኩት መጨረሻ

ሊይዙኝ የመጡት ድሬዳዋ በተኛችበት ሰዓት ነው። ሌላው አገር ሰው የሚያዘው በሌሊት ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኛ ዘንድ ግን ከተማው ጭር የሚለው በቀትር ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ይዘጋል፤ የጋሪ ፈረስ ሳይቀር ጥላ ፈልጎ ይቆማል። እኔም ሽርጤን አገልድሜ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ረጭቼ ጋደም ብዬ ነበር። ሦስት ሰዎች ገቡ። የፖሊስ ልብስ የለበሰው አንዱ ብቻ ነው።

«ሱሪህን ልበስ» አለኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

እኔ ሱሪዬን ስፈልግ እነሱ መጻሕፍቴን ጆንያ ውስጥ ይወረውሩ ጀመር። ብዙ አልነበሩም፤ ለአንድ የባቡር ዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ግን ሀብት ነበሩ። አንዱ በሌላው ላይ ሲወድቁ የሚያሰሙት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ስለ ራሴ መፍራት የጀመርኩት በኋላ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ያዘንኩት ለእነሱ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች «ቤቱ ቢቃጠል እኔን ትተህ መጽሐፍህን ነው የምታወጣው» ትለኝ ነበር። እምላለሁ፣ እሷን ነበር የማወጣው፤ ግን ተመልሼ እገባ ነበር።

ከመጻሕፍቱ አንዱ ሽፋን አልነበረውም። ፖሊሱ አገላብጦ አየውና «የዚህን ሽፋን ለምን ገነጠልከው?» አለኝ።

«እኔ አልገነጠልኩትም። ቀፊራ ገበያ ያለች ቅመም ነጋዴ ናት።»

እውነቴን ነበር። ፈረንጆች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የተረፈ ዕቃቸው ቀፊራ ይወርዳል፤ መጽሐፉም የቅመምና የለውዝ መጠቅለያ ይሆናል። ያንን መጽሐፍ ያገኘሁት አንዲት ሴትዮ እርድ ስትጠቀልልበት ነው። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች ቀድመው ሄደዋል፤ ርእሱም የደራሲው ስምም አብረው ሄደዋል። የቀረውን ለምኜ ወሰድኩ። ለፖሊስ ግን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ መሆኑ ሳያንስ ሽፋን አልባነቱ ተጨመረበት፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ነው። መስኮት የለውም። ከግድግዳው ጫፍና ከቆርቆሮው መካከል እጅ የሚያሾልክ ክፍተት አለ፤ አየርም ብርሃንም የሚገባው በዚያ ነው። በሩ ሲከፈት የላብ፣ የሽንትና የሰው ትንፋሽ ሙቀት ፊቴን መታኝ። በቀትር ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ግድግዳው ስለሚያቃጥል ሰው ሁሉ ወደ መሃል ይከማቻል። ባቡር ሲገባ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሰዓቱን የምናውቀው በዚያ ነበር። የሚነበብ ነገር የለም። ቆርቆሮው ላይ የታተመች የፋብሪካ ምልክት ነበረች፤ እሷን በቀን ስንት ጊዜ እንደማነባት ብናገር ሰው አብዷል ይለኛል።

ከነበሩት እስረኞች ሁለቱን ብቻ ላንሣ። አንዱ ከቢዮ አዋሌ በኩል የመጣ የግመል ባለቤት ነው፤ ጢሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ። አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ ለምን እንደታሰረም የነገረው የለም። ሌላው በኮንትሮባንድ ጨርቅ ተያዝኩ የሚል ጨዋታ ወዳድ ነው። ስንቅ የሚያመጣለት ሰው የለም፤ ግን ተርቦ አያውቅም። ለምርመራ ይጠሩታል፣ ጠግቦ ይመለሳል። ጆሮ ጠቢ መሆኑን ለማወቅ መማር አያስፈልግም ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብለን እሱ ባለበት የምናወራው ስለ አየሩ ብቻ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ስለ አየሩ የሚወራው ነገር አንድ ነው።

የታሰርኩት በማንበብ ነው። ይህን ስናገር ዛሬ ልጆች ይስቃሉ። የባቡር ጥገና ቤት ሠራተኞች ለአንድ ቀን ሥራ አቁመው ነበር። አለቆቹ «እነዚህ ሰዎች ይህን ከራሳቸው አላመጡትም፣ አስተማሪ አላቸው» አሉ። አስተማሪ ሲፈለግ መጽሐፍ ያለው ሰው ተገኘ።

አስተማሪ አልነበርኩም። አንባቢ ነበርኩ። በቀትሩ ዕረፍት፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ በቶርኖ ማሽን ብረት የሚቀርጽ የአንድ የጥገና ቤት ሠራተኛ በረንዳ ላይ በርጫ እንቀመጥ ነበር። አራት አምስት ሰው እንሆናለን። እነሱ ጫታቸውን ይይዛሉ፣ እኔ መጽሐፌን እይዛለሁ። ፈረንሳይኛውን በዓይኔ እያየሁ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ አማርኛው ለከበደው ባለ በረንዳው በኦሮምኛ ያቀብለዋል። እስከዚያ ድረስ ንባብ ሰው ብቻውን ሆኖ የሚሠራው ነገር ይመስለኝ ነበር። እዚያ በረንዳ ላይ ግን ብቻዬን ሳነበው ያለፍኩት ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ፊት ላይ ሲቆም አየሁ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ቀኑን ሙሉ የጭነት ወረቀት ስገለብጥ የምጠብቀው ያቺን ሰዓት ነበር።

የቶርኖው ሰው በዕድሜ አባቴ ይሆናል። እኔን «ኡስታዝ»፣ መምህር፣ ይለኛል፤ ሕግ የሚያወጣው ግን እሱ ነው። የመጀመሪያው ሕጉ ቀድሜ እንዳላነብ ነበር።

«ቤትህ ወስደህ ብቻህን አትቀጥል፣ ወላሂ አውቅብሃለሁ» አለኝ። «ገበታ ቀርቦ፣ እጁን ያልታጠበ ሰው እያለ፣ ቀድሞ የሚጎርስ ምን ይባላል?»

ለመጽሐፍ ሆዳም ይህ ከባድ ጾም ነው፤ ጾምኩት። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ የሚያወራ ሰው ያለ መልስ አይተውም የሚል ነው። ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ እሱ «ሃዬ» ይላል። በዚያ አካባቢ ወሬ የሚሰማው እንዲህ ነው፤ ዝም ብሎ ማዳመጥ ተናጋሪውን ከግድግዳ ጋር እንደማስወራት ይቆጠራል። የሌሎቹ «ሃዬ» አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። የእሱ ግን የት ላይ እንደምተነፍስ ከእኔ በፊት ያወቀ ይመስል ነበር።

ሽፋን አልባው መጽሐፍ የሚያወራው ስለ አንድ ባለ ጀልባ ነው። ሰፊ ወንዝ ላይ ሰው ያሻግራል። ከዚያ ድልድይ ይሠራል፤ መንገደኛው ሁሉ በድልድዩ ይሄዳል፤ እሱ ግን ጀልባዬን አልሸጥም ይላል። በረንዳው ላይ ስለዚህ ብዙ ተጨቃጨቅን። አንዱ «ግትር ነው» ይላል፣ ሌላው «ወንድ ነው» ይላል። በመጨረሻ አንድ ጭጋጋማ ሌሊት ከማዶ ድምፅ ይሰማል፤ «ባለ ጀልባ! ባለ ጀልባ!» የሚል። ድልድዩ እያለ በጀልባ ልሻገር የሚል ማን ነው? ሰውየው ከአልጋው ተነሣ። እዚህ ላይ የጥገና ቤቱ ደወል ተደወለና መጽሐፉን ዘጋሁት። በማግስቱ ሥራ ማቆሙ መጣ፤ ሁላችንም ተበታተንን። የቀረን አንድ ምዕራፍ ነበር።

የሚመረምረኝ መቶ አለቃ ያንን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል።

«ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ጀልባ።»

«ድሬዳዋ ምን ባሕር አለና ስለ ጀልባ ታነባለህ?»

«ባሕር ስለሌለ ነው» አልኩት። በጥፊ መታኝ። መልሱን ግን ዛሬም ብጠየቅ አልቀይረውም።

«ለማን ነው የምታነበው?»

«ለራሴ።»

«ጮክ ብለህ? ጎረቤት ሰምቶሃል።»

«ብቻውን የሚኖር ሰው እንዲህ ነው።»

የሚፈልገው ሰሚዎቹን ነበር። ብቻውን የሚያነብ ሰው ቢበዛ ዕብድ ነው። አንድ ሰሚ ከተገኘለት ግን ማኅበር ይባላል፤ ማኅበር ደግሞ ሐረር ወህኒ ቤት ያወርዳል፣ ከዚያም ሌሎቹን አንድ በአንድ ይጎትታል። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በአንድ ሰሚ ላይ ነበር።

ከቀናት በኋላ በሩ ተከፍቶ አንድ ሰው ወደ ውስጥ ተገፋ። ውስጥ እግሩን ገርፈውት ስለነበር መቆም አልቻለም፤ በጉልበቱ ገባ። የቶርኖው ሰው ነበር።

ልነሣ ስል ዓይኑ አገኘኝ፤ ሳይቆም አለፈኝ። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ቃኘና «አሰላሙ አለይኩም» አለ። «አቦ፣ ከእናንተ አንድም የማውቀው የለም፤ አላህ ያስተዋውቀን።»

ሰው ሳቀ። እኔ ገባኝ። አንድ ክፍል ያስገቡን ሳንጠነቀቅ እንድንተዋወቅላቸው ነው፤ የሚያይላቸው ዓይን ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንግዳ ሆንን። አባት የሚሆነኝ ሰው አጠገቤ እያቃሰተ እንደ ማንኛውም እስረኛ ተራዬን ጠብቄ ውሃ አቀብለዋለሁ። አብዝቼ ካዘንኩ ያስታውቃል፤ ጨርሶ ካላዘንኩም ያስታውቃል። ስንት ማዘን እንዳለብኝ መለካት ነበረብኝ። ጥፊውንም ሙቀቱንም ረስቻቸዋለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም። እሱ በዚህ ከእኔ የተሻለ ነበር። ኡስታዝ መባሌ ቀርቶ «አንተ የደጋ ሰው፣ እስቲ ውሃ» ሆነ። እግሩ ቆሰለ፣ አበጠ፣ ከዚያ ጠቆረ። ትኩሳት ያዘው። ሐኪም እንዲመጣ ጠየቅን፤ «ይመጣል» ተባለ። የቁስሉ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ማንም ግን አፍንጫውን አልያዘም።

አንድ ቀትር ላይ ትኩሳቱ ለቀቅ አደረገው። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ ማንንም ሳያናግር ጀመረ።

«አቦ፣ ሰው ወሬ ጀምሮ ሳይጨርስ ሲሄድ እንዴት ያናድዳል! አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ልቤን አንጠልጥሎ ጥሎኝ ሄደ። ብሞት እንኳ የሚቆጨኝ እሱ ነው፣ ወላሂ።»

«ማነው ሰውየው?» አለ ባለ ጨርቁ ጆሮ ጠቢ፣ ከአፉ ነጥቆ።

«አጎቴ ነው። ሞቷል።»

ጭንቅላቴን ጉልበቶቼ መካከል ቀበርኩ። ሰውየው ከዚህ ዓለም የጠየቀው የአንድ መጽሐፍ መጨረሻ ነው፤ እሱ ደግሞ እኔ ዘንድ የለም። ሕጉን ስላከበርኩ አላነበብኩትም። ያለው መቶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ነው። ምን ላድርግ? ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም፤ እሱም አይወቅሰኝም፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይሞታል። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

«ቀኑ አልመሽ አለን፤ እስቲ እኔ ያባቴን አገር ወሬ ላውራችሁ» አልኩ።

ከመሃል ብጀምር ፊተኛውን የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ወንዙን ዓባይ አደረግሁት፣ ጀልባውን ታንኳ፣ ሰውየውን የአባቴ ጎረቤት። ድልድዩን ሠራሁ፤ መንገደኛውን በላዩ አሳለፍኩ። ባለ ታንኳውን ሌሊት ላይ አስተኛሁት። ከማዶ ድምፅ ተሰማ። ሰውየው ተነሣ።

ከዚህ በኋላ የሚይዘኝ ገጽ አልነበረም። ዕድሜዬን ሁሉ ሌላ ሰው በጠረገው መንገድ የሄድኩ ነኝ፤ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ሌላውን እገልጣለሁ። እዚያ የምገልጠው አጣሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ የጠራው ከዘመቻ የተመለሰ ወንድሙ ነው ብዬ መጨረስ ነበር። ግን በረንዳው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ የቶርኖው ሰው «ውሸት! ይሄ ጸሐፊ ደክሞታል» ይል እንደነበር ትዝ አለኝ። ለበሽተኛ ማር ማላስ ቀላል ነው፤ እሱ ግን ማር አልጠየቀኝም።

«ሰውየው ታንኳውን ገፋ» አልኩ።

«ሃዬ።»

ክው አልኩ። ድምፁ የእሱ ነው፤ ደካማ፣ ግን ልክ በቦታው። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ማለቱን ራሱም ያወቀ አይመስልም። ብዙ ቀትር አብረን የተቀመጥንበት ልማድ ነው ከአፉ ያወጣው። ባቆም ያስታውቃል፤ ቀጠልኩ።

«ጭጋጉ የመቅዘፊያውን ጫፍ እንኳ አያሳይም።»

«ሃዬ።»

ባለ ጨርቁ ቀና አለ። እኔን አየ፤ እሱን አየ። እንግዳ ሰው ሌላው የት ላይ እንደሚተነፍስ አያውቅም፤ ባለ ጨርቁ ደግሞ ሞኝ አልነበረም።

«ድምፁ አሁንም ይጠራል» አልኩ።

«ሃዬ!» አለ ሌላ ወፍራም ድምፅ፣ ከበሩ በኩል።

ባለ ግመሉ ሽማግሌ ነው። ከወሬው አንድ ቃል እንደማይገባው አውቃለሁ። የሚያየው ግን እኔን አልነበረም፤ ዓይኑን ባለ ጨርቁ ላይ ተክሏል። በሚቀጥለው ላይ ደግሞ ከፍ አድርጎ አለ። አንድ የጣቢያ ወዛደር ተከተለው፣ ሌላም ጨመረ። ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሼን እየጠበቀ «ሃዬ» ይል ጀመር፤ የቶርኖው ሰው ድምፅ እዚያ ውስጥ ጠፋ። ሽማግሌው ያንን ያደረገው በአገሩ ወግ ይሁን ነገሩ ገብቶት፣ ዛሬም አላውቅም። ልጠይቀው ብል መነጋገሪያ ቋንቋ አልነበረንም።

ሰውየውን ማዶ አደረስኩት።

«ማንም አልነበረም» አልኩ። «አሸዋው ላይ የእግር ዱካ አለ። ወዲህ መጥቶ፣ ወዲያ ሄዶ፣ ብዙ ቆሞ የጠበቀ ሰው ዱካ ነው። ባለ ታንኳው ምናልባት ይመለስ ይሆናል ብሎ ፀሐይ እስኪወጣ እዚያው ቁጭ አለ። አለቀ።»

«ማን ነበር ታዲያ የጠራው?» አለ ባለ ጨርቁ። ከልቡ ነበር የጠየቀው፤ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ለአፍታ ረስቶታል።

«አልታወቀም» አልኩት።

«ዘገየ እንጂ ሄዶለታል» አለ የቶርኖው ሰው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ቀጥሎም «ጥሩ ነው። አልዋሸም» አለ።

ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ያመሰገነ ሰው አጋጥሞኛል። እንደዚያ ያስደሰተኝ ግን የለም።

በማግስቱ ጠዋት መቶ አለቃው ራሱ መጣ። ባለ ጨርቁ ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም። ሁለት ፖሊሶች የቶርኖውን ሰው በብርድ ልብስ አድርገው አነሱት። በሩ ላይ ሲደርሱ መቶ አለቃው አስቆማቸውና ወደ እኔ ጠቆመ።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

በሽተኛው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ከመጣ ጀምሮ ሳይሸሽ ያየኝ ያኔ ነው፤ እንዲያየኝ ታዟልና። አየኝ፣ ረጅም ጊዜ።

«አላውቀውም» አለ። «ወሬ ግን ያውቅበታል።»

«አንተስ?»

እውነቱን ብናገር እሱ የከፈለበትን ሁሉ ባዶ አደርገዋለሁ።

«አላውቀውም» አልኩ።

ካልኩ በኋላ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ብድግ አልኩ።

«ካላወቅከው ለምን ተነሣህ?»

«ሽማግሌ ሲወጣ ቁጭ የሚባልበት አገር አለ?»

ባለ ግመሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። ወዛደሩ ተነሣ፤ ሌሎቹም ተነሡ። ባለ ጨርቁም ትንሽ ዘግይቶ ተነሣ። መቶ አለቃው ፖሊሶቹን እንዲሄዱ በእጁ አዘዛቸው። ይዘውት ወጡ። በሩ ተዘጋ፤ እኛ ግን የእርምጃቸው ድምፅ እስኪጠፋ አልተቀመጥንም።

ሐኪም ቤት ሳይደርስ መሞቱን የነገረን በር ጠባቂው ነው። ምስክር ጠፋና እኔ ከወራት በኋላ ተለቀቅኩ። የበረንዳውን ሌሎች ሰዎች ማንም አልነካቸውም። የሚከተለኝ ሰው ስለነበር ለቅሶ መድረስ አልቻልኩም። አንድ ቀን ቀፊራ ሽንኩርት ተራ ከሚስቱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። በዚያ በረንዳ ላይ ስንት ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ያቀረበችልኝ ሴት ናት። ዓይኗ በእኔ ላይ አለፈ እንጂ አልቆመም። ሽንኩርቷን መርጣ ሄደች። ባሏ የጀመረውን «አላውቀውም» እሷ ትጠብቅልኝ ነበር። እኔም አቧራ እንደገባበት ሰው ዓይኔን እያሸሁ፣ ገበያው መሃል አለቀስኩ።

አሁን በዕድሜ እሱን አልፌዋለሁ። ያ መንግሥት ሄዷል፤ መቶ አለቃውም የቶርኖው ሰው ሚስትም ዐርፈዋል፤ ከበረንዳው ሰዎች የቀረሁት እኔ ነኝ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹን ሳላስፈቅድ የማነሣው አይደለም። ነገር ግን በሩ ላይ አንድ ጥያቄ ተጠይቄ ነበር፤ አሁን ብመልሰው የሚጎዳበት ሰው የለም።

አዎ፣ መቶ አለቃ፤ አውቀዋለሁ። ግራ እጁ ላይ የብረት ፍንጣሪ ያቃጠለው ጠባሳ አለ። ሻይ ጠጥቶ ሲጨርስ ከብርጭቆው ሥር የቀረውን ስኳር በጣቱ ጠርጎ ይልሳል፤ ሚስቱ ስታየው ያፍራል። ደራሲ ሲዋሽ ይናደዳል። አውቀዋለሁ፤ ወዳጄ ነው።